«የወንድም ደም አንድ ነው»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ የሠርጉ ወራት ሲከፈት ነው። ዛሬም ጥንዶች ጉርድ ፎቷቸውን ይዘው የጋብቻ ምዝገባ ቢሮ በር ላይ ተቀምጠው ሳይ አፌ ውስጥ መራራ ነገር ይመጣብኛል። ሰዎች «ተይው፣ እርሺው» ይሉኛል። የተናደድኩበት ነገር ብቻ ቢሆን እስካሁን ረስቼው ነበር፤ ንዴት ይበርዳል። የሚቀፍ ነገር ግን ትዝ ባለ ቁጥር እንደ አዲስ ይቀፋል።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ገበሬ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ሴቶች ዐረብ አገር ሄድኩ። ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ ስመለስ መካነ ሰላም ላይ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈትኩ።

አስፋውን የተዋወቅኩት እዚያው ነው። ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበረው። በዕድሜ ይበልጠኛል። ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። «መንገድ በቃኝ፤ አሁን የምፈልገው ቤት ነው» ይለኝ ነበር። እኔም የሰው ቤት በቅቶኝ ስለነበር ይህ አነጋገሩ ልቤን ያሞቀው ነበር።

ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣው አጎቱ ጋሽ ሽፈራው ነው፤ አነጋገር የሚያውቅ፣ በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ ካለሱ የማይታረቅ ሰው። አባቴ መረቀና ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ። አስፋው ቤት መሥሪያ ቦታ ለመጠየቅ የጋብቻ ወረቀት ስለፈለገ፣ ከሠርጉ በፊት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቢሮ ሄደን እንድንፈርም ተስማማን።

ለማያውቅ ሰው፣ ጋብቻ ማስመዝገብ ፈርሞ መውጣት ብቻ ይመስለዋል። መጀመሪያ ከየቀበሌያችሁ ያላገባችሁ መሆናችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ታወጣላችሁ። ለዚያ የሚያውቋችሁ ጎረቤቶች መመስከር አለባቸው። እኔ የትውልድ ቀበሌዬ ስሄድ አንዷ ጎረቤታችን፣ «ኧረ ይቺ ልጅ ዐረብ አገር ባል ጥላ አለመምጣቷን በምን እናውቃለን?» ብላ ቢሮውን በሳቅ አፍርሳው ነበር። ስቃ ስታበቃ መሰከረችልኝ። ከዚያ መታወቂያ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር አለ። ሁሉም ሲሟላ ሙሽሮቹ ራሳቸው ቀርበው «ፈቅጄ ነው» ብለው ይፈርማሉ።

የደም ምርመራ ቢሮው አልጠየቀንም። የጠየቁን የንስሐ አባታችን ናቸው።

«ልጆቼ፣ ሳትመረመሩ አላጋባም» አሉን። «ያጋባሁትን ልጅ በዓመቱ ቀብሬ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ።»

አስፋው አንገቱን ደፍቶ «እሺ አባታችን» አለ።

እኔ መርፌ ብርቄ አይደለም። ዐረብ አገር የሄደ ያውቀዋል፤ ሳትሄጂ ደምሽ ይታያል፣ ስትደርሺ ይታያል፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ሲታደስም ይታያል። አብረን እንሂድ አልኩት። «ደሴ ዕቃ ልጭን ነው። አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ስመለስ እሄዳለሁ። አብሽሪ» አለኝ። ከእህቴ ጋር ሄጄ ተመረመርኩ። ነጻ ነበርኩ።

ከደሴ በተመለሰ ሰሞን አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀጉር ቤቴ ገባ። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። «ይኸው ተገላገልኩ» ብሎ የውጤት ወረቀቱን ሰጠኝ። እሱም ነጻ ነው ይላል። ፀጉሯን የምሠራት ሴትዮ እልል አለች። እኔ ጥጡን በጣቴ ነካ አድርጌ «አመመህ?» አልኩት።

«ኧረ እንደ ጉንዳን ነው» አለና አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ነበር። ልደት የሚያስመዘግብ አለ፣ ሞት የሚያስመዘግብ አለ፣ እንደኛ ጋብቻ የሚያስመዘግቡም አሉ። ከኔ ወገን ምስክሮቼ አባቴና የእናቴ ወንድም ነበሩ። ከአስፋው ወገን ጋሽ ሽፈራውና ታናሽ ወንድሙ ይመር።

ይመርን ላስተዋውቃችሁ። አስፋውን ቁርጥ ነው። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ አረማመዳቸው ሳይቀር አንድ ነው፤ ከሩቅ ሲመጡ እኔም አንዳንዴ እሳሳት ነበር። ሱቅ ውስጥ ወንድሙን ያግዛል። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። «እቴ ሙሽራ» እያለ ይጠራኛል፤ ፀጉር ቤቴ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያመጣልኝ እሱ ነው።

ተራችን ደርሶ ገባን። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት። ፎቶዎቻችንን ተቀበለች፣ መታወቂያችንን አየች፣ የቀበሌ ማስረጃዎቹን አንብባ ወደ ጎን አኖረች። ምስክሮቹን ከጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ አስቀመጠች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ ያሉት ያዩናል፣ ይሰሙናል።

መዝጋቢዋ ስማችንን ጮክ ብላ አነበበች። የአስፋውን ስም ከነአያቱ ስትጠራ ከአግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ቀና አለች። ባሏ አጠገቧ ነው፤ ጨቅላ ልጅ ታቅፋለች። የልጇን ልደት ልታስመዘግብ የመጣች ናት። በሩ ድረስ መጣችና ፊቷ በፈገግታ በራ።

«ውይ፣ ሙሽራው! ለዚህ ኖሯል ለካ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብላ እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ለይመር ነው።

ይመር እጁን አልሰጣትም። ግራ እንደገባው ሰው ወንድሙን ያያል።

«አላወቅኸኝም?» አለች። «ክሊኒክ ደም ስወስድልህ ልትወድቅብኝ አልነበር? ውሃ ያጠጣሁህ እኮ ነኝ። አስፋው አይደለህም እንዴ?»

መዝጋቢዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ አመለከተቻት። «አስፋው ያኛው ነው። እሱ ወንድሙ ነው፤ ምስክር ነው።»

ነርሷ አስፋውን አየች። ይመርን አየች። እንደገና አስፋውን አየች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ይቅርታ… ሰው ይመሳሰላል» አለችና ፈጥና ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ከኔ ቀድሞ ገብቷታል።

እኔ ወዲያው አልገባኝም። እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ እኔም ስንቴ ተሳስቻለሁና። ይመርን ሳየው ግን ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። አስፋው አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል። ያኔ ያ ጥጥ ትዝ አለኝ።

ሰው እንዴት ያልተወጋ ክንዱ ላይ ጥጥ ይለጥፋል? ሱቁ ውስጥ ከቆርቆሮው ኋላ ቆሞ ነው? ፕላስተሩን በጥርሱ ነው የቆረጠው? ወይስ ሰው ነው የለጠፈለት? ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ መንገድ ተሻግሮ መጣ። እኔ ደግሞ አዝኜለት በጣቴ ዳሰስኩት። የጣቴ ጫፍ ሲቆሽሽ ተሰማኝ።

«ይመር» አልኩት። «የተመረመርከው አንተ ነህ?»

ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

«በወንድምህ ስም አንተ ነህ ወይ ደም የሰጠኸው?»

«እማዬ ናት ሂድለት ያለችኝ» አለ፤ እንደ ተቆጡት ልጅ። «መታወቂያውን ሰጠችኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

እናቱ! በቀለበቱ ዕለት ግንባሬን ስማ «ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔ ነኝ እናትሽ» ያለችኝ ሴት!

አባቴ በዕድሜው ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል። ነገሩ ተምታቶበት «ምንድን ነው የምትባባሉት? ለኔም ንገሩኝ» አለ። እኔው ነገርኩት። «አባዬ፣ አስፋው አልተመረመረም። ወንድሙን ልኮ በሱ ስም አስመረመረ። ያመጣልን ወረቀት የይመር ደም ነው።» አባቴ ሰማኝ። ከዘራውን ከግድግዳው አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

አስፋውን ዞሬ አየሁት። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፣ ዛሬም አልጸጸትበትም።

«አስፋው፣ ተነሥ። ክሊኒኩ ቅርብ ነው። አሁን አብረን እንሂድ፤ እኔም እንደገና እመረመራለሁ። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ ተመልሰን እዚሁ እንነጋገራለን። ዛሬ እኮ መድኃኒት አለው፤ ስንቱ አግብቶ ጤነኛ ልጅ ወልዶ ይኖራል። ብቻ እውነቱን አብረን እንወቀው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ውስጥ ፍርሃት አያለሁ ብዬ ነበር፤ ያየሁት ግን ቅያሜ ነው።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ።

«ማን ነው ያዋረደህ?»

«እሑድ ይለፍና እመረመራለሁ። መርፌ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

እሑድ ይለፍና! እሑድ ሲያልፍ እኔ የት እንደምሆን የሚያውቀው ሰው ነው ይህን የሚለኝ።

ጋሽ ሽፈራው እስካሁን ከአስፋው ወደ እኔ እያየ ሲመዝን ቆይቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሽማግሌ ሆኖ ቤታችን ሲመጣ በተናገረበት በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ «አያ መኮንን» ብሎ አባቴን ጠራው።

«አያ መኮንን፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ አናካብደው። ልጁ መርፌ ይፈራል፤ ወንድሙ ተመረመረለት። ያንድ አባት፣ ያንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ጡት ነው የጠቡት። የወንድም ደም አንድ ነው።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«ቤተሰብ አይደለን፤ እንዴት አላውቅም ልጄ?» አለኝ። ማፈር ቀርቶ፣ ማወቁን እንደ ክብር ነው የነገረኝ።

በዚህ ጊዜ አባቴ አፉን ከፈተ። አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲከፋው ነገር ያጣምማል እንጂ አይጮህም።

«ደማቸው አንድ ከሆነማ፣ እንግዲያውስ ወንድሙ ያግባታ!» አለ።

ለምጸት ነው የተናገረው። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች እንኳ ገብቷቸው ፈገግ ብለዋል። ጋሽ ሽፈራው ግን አልሳቀም። ጺሙን ዳበስ ዳበስ አደረገ፤ ይመርን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እሱም ቢሆን ክፋት የለውም» አለ።

ሁላችንም የሰማነውን ማመን አቅቶን ዝም ስንል፣ ዝምታችን መስማማት መሰለው መሰል ቀጠለ። «ድግሱ ተደግሷል። ሰው ተጠርቷል። ይመርም ያላገባ ልጅ ነው፤ የቀበሌውን ማስረጃ ዛሬውኑ እናወጣለን። ደሙን እንደሆነ አይታችሁታል፤ ንጹሕ ነው። ወላሂ፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ ለዕድሜዋም ይቀርባታል። ፎቶውን መቀየር ብቻ ነው።» ይህን ብሎ ወደ መዝጋቢዋ ዞረ። «ይቻላል አይደል፣ ልጄ?»

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ነው እስካሁን መርሳት ያቃተኝ። ይመርን አየሁት። ይበሳጫል፣ ያፍራል፣ «ኧረ ጋሼ!» ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ከዚያ እኔን አየኝ። እንደ ድሮው እንደ እህት አልነበረም ያየኝ፤ ገበያ ላይ ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ በፊት ዕቃ እንደሚያየው ነው። አስፋውም አጠገቡ ተቀምጦ ወንድሙ እንዲህ ሲያየኝ ያያል። ከፊቱ ላይ ትንሽ እፎይታ ያነበብኩ መስሎኛል። ያረቢ! ምን ዓይነት ሰዎች መሃል ነው የተቀመጥኩት አልኩ በልቤ።

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አይቻልም» አለችው። «እዚህ በሬ አናለዋውጥም።» ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ እኔ የመጣውን ሰው ሁሉ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ሳልጠይቅሽ ተረበሽን። ይህ ጋብቻ በሙሉ ፈቃድሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰማ። «ከማንኛቸውም ጋር አይደለም።»

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «ተነሺ ልጄ» አለኝ፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ቀድሞ ወጣ። አጎቴ ፎቶዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

ቢሮው ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ አስታወከኝ። ነርሷ ልጇን ለባሏ ሰጥታ ውሃ ይዛልኝ መጣች። «እኔ ነኝ ጦሱን ያመጣሁት፤ ሙሽራው መስሎኝ እኮ ነው» እያለች ልታለቅስ ደረሰች። ለማንም ምንም እንዳልል ለመነችኝ፤ ሥራዋ ነው። «እግዜር ያክብርሽ፤ አንቺማ እኔን ነው ያተረፍሽኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሳትስመኝ አታልፍም።

በማግሥቱ ጋሽ ሽፈራውና ሁለት ሽማግሌዎች ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው አባቴ ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። በኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው መመለስ ከባድ ነው። ግን ይቅርታ የጠየቁት ስላታለሉን አይደለም፤ «ሠርጉ አይፍረስ፣ ስማችን አይጥፋ» ነው የሚሉት። አባቴ ረጋ ብሎ ሰማቸው።

«ድንጋዩን አውርዱት። ልጃችሁን ይዛችሁ ክሊኒክ ሂዱ፤ የራሱን ክንድ ይስጥ። ከዚያ ተመለሱና እንነጋገራለን» አላቸው።

ተነሥተው ሄዱ። አልተመለሱም።

እሑድ ደረሰ። ጠላው ተጠምቋል፣ ፍሪዳው ታስሯል። የአባቴ ዘመዶች ግማሾቹ ተቆጥተዋል፤ «ቃል ከሰጡ በኋላ በልጅ አፍ ድግስ ይፈርሳል?» ይላሉ። አባቴ ግን ፍሪዳውን ጣለና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። «ልጄ ከዐረብ አገር በሰላም የገባች ጊዜ አልደገስኩላትም ነበር። ይኸው ብሉ፣ ጠጡ፣ መርቋት» አላቸው። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝም። ያን ቀን አባቴን እንደወደድኩት ወድጄው አላውቅም።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ግን ወሬው ተገልብጦ መጣ። የታመመችው እኔ ነኝ ተባለ። ዐረብ አገር ይዞኝ መጥቼ፣ ምርመራ ሲገኝብኝ አስፋው ጥሎኝ ነው ተባለ። ያን ሥጋ የበሉት አፎች ናቸው እንግዲህ ይህን ያወሩት። ከየት እንደተነሣ አልጠየቅኩም፤ አጎትየው አነጋገር እንደሚያውቅ ነግሬያችኋለሁ። ደንበኞቼ እየሳሱ ሄዱ። አንዷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ፣ «መቀሱን ትቀቅይዋለሽ ግን?» አለችኝ። ለዓመት ፀጉሯን የሠራሁላት ሴት ናት። ይመር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆርቆሮ ሲጭን ያየኛል፤ ሰላምታውን አልተወም፤ «እቴ» ማለቱን ብቻ ነው የተወው። ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ሌላ ሰፈር ተከራየሁ።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ አስፋው አጅባር በኩል አንዲት ልጅ ማጨቱን ሰማሁ። እናቷ ስለሞተች አክስቷ ጋ የምትኖር ልጅ ናት አሉኝ። ብዙ አሰብኩ። ምን አገባኝ አልኩ። ግን የዚያች ልጅ ጣት ያን የውሸት ጥጥ ሲዳብስ በዐይነ ኅሊናዬ ስለሚታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። መኪና ቀያይሬ ሄድኩ።

አክስትየው በደንብ ተቀበለችኝ። እንግዳ ነሽ ብላ አስቀመጠችኝ፣ ጠላ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። ማንነቴን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፣ ግን አላቋረጠችኝም። በቢሮው የሆነውን አንድም ሳልጨምር ነገርኳት። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ እንደቆመች እግሯ ይታየኛል።

ስጨርስ አክስትየው ተነፈሰች። «ስምሽን ሰምተናል፣ እህቴ» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር በማንም ይደርሳል፤ አንፈርድብሽም። ግን ያንቺን በሽታ በሰው ልጅ አታላክኪ። መቅናትም በወግ ነው።»

ተነሣሁ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳደርግ ዞር ስል አክስትየው የጠጣሁበትን ብርጭቆ በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ በጓሮ በኩል ስትወጣ አየኋት። ከዚያ ቆሻሻ መድፊያው ላይ ሲሰበር ሰማሁ።

ልጅቷ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝ። በጣም ልጅ አይደለችም፤ የሃያ ዓመት ሰው ትሆናለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እውነትሽን ነው?» አለችኝ።

«እኔን አትመኚኝ» አልኳት። «እሱንም አትመኚው። አብራችሁ ሂዱና መርፌው ክንዱ ውስጥ ሲገባ ቆመሽ እዪ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

አክስቷ ስሟን ጠራች። ሄደች። ሠርጉ በጥር መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ቆማ ትይ፣ አትይ አላውቅም።

አስፋው ታሞ እንደነበር እንዳልነበርም አላውቅም። ምናልባት ፍጹም ጤነኛ ይሆናል፤ ምናልባት እውነትም መርፌ ፈርቶ ነው። ታሞ ቢሆንስ? ሪያድ ሳለሁ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሽማግሌ አገላብጬ አጥቤያለሁ፣ ቁስል ጠርጌያለሁ፤ በሽታ ቀፎኝ አያውቅም። የሚቀፈኝ የነዚያ ሰዎች ጤንነት ነው። እናትየው መታወቂያውን ስትሰጥ፣ ወንድምየው ክንዱን ሲዘረጋ፣ አጎትየው ሲመርቅ፣ ሁሉም ማታ ማታ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በልተው ይተኙ ነበር። ነገ ቤታቸው የምትገባው ሴት ሕይወት አንዳቸውንም ከእንቅልፉ አላነቃውም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እግዜር አወጣሽ፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ወጥቻለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ እሠራለሁ፣ አባቴም አለልኝ። ግን ደስ አይለኝም። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ በገዛ ስሟ የገዛ ክንዷን የሰጠችው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተሰበረው ብርጭቆ ደግሞ እኔ የጠጣሁበት ነው።